በመቀመጥና በመቆም መካከል

በአማርኛ ቋንቋ «ቆመ» የሚለው ግሥ የወለዳቸውን ቃላት ለቅሞ የተመለከተ ሰው ሕዝባችን ለመቆም ምን ያህል ክብር እንደሰጠ ለመረዳት አይቸገርም። ፍሬ ያለውን ጉዳይ «ቁም ነገር» እንለዋለን፤ የሰው እምነቱ «አቋሙ» ነው፤ የማይናወጠው ነገር «ቋሚ» ነው፤ ሕዝብ የሚገለገልበት ድርጅትም «ተቋም» ይባላል። ሽማግሌ ወይም እንግዳ ከቤት ሲገባ ደግሞ በመደቡ ላይ ያለው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፤ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። ይህችን አጭር ልውውጥ በልጅነታችን የተማርናት ከአፋችን ይልቅ በጉልበታችን ነው። የዘገየውን ልጅ ከኋላው ጎሸም የሚያደርግ አይጠፋም ነበር።

ስለዚህም በእኛ ዘንድ ሳይነሣ የቀረ ሰው «ወይ ታሟል፣ ወይ ንቋል» ከሚል ፍርድ አያመልጥም። ከእነዚህ ከሁለቱ የማይመደብ ሦስተኛ ዓይነት ሰው ግን አለ። ተቀምጦ ሲያዩት ደኅና ነው፤ ይበላል፣ ይሥቃል፣ ይጫወታል። ብድግ ባለ ጊዜ ግን ዓይኑ ይጨልማል፣ ጆሮው ጭው ይላል፣ ግድግዳው ይዞርበታል፣ ልቡም ደረቱን ጥሳ የምትወጣ እስኪመስለው ድረስ ትደልቃለች። ጥቂት ተደግፎ ከቆየ ወይም ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ለማሳየት የሚችለው ቁስል የለውም፤ ትኩሳት የለውም፤ ተኝቶ ሲመረመርም ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝበትም። በጽሑፌ ላነሣው የፈለግሁት የእርሱን ጉዳይ ነው።

ሰው በተኛ ጊዜ ደሙ ከራሱ እስከ እግሩ በአንድ ደረጃ ላይ ይገኛል። ሲነሣ ግን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም በመሬት ስበት ተጎትቶ ወደ ሆድ ዕቃው፣ ወደ ዳሌውና ወደ እግሮቹ ይወርዳል። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ደም በጠቅላላው 5 ሊትር ያህል መሆኑን ስናስብ ይህ ቀላል መጠን አይደለም። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ልብም ያላገኘችውን ልትረጭ አትችልምና የደም ግፊቱ ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠው አንጎል ደግሞ ስንቅ የማያጠራቅም አካል ነው። ደም ፈጽሞ ቢቋረጥበት ሰውየው ራሱን ለመሳት 10 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም።

ታዲያ አብዛኞቻችን በቀን ስንት ጊዜ ተነሥተን የማንወድቀው ለምንድን ነው? በአንገት ደም ቅዳዎች ላይና ከልብ በሚወጣው በትልቁ ደም ቅዳ ቅስት ላይ የግፊቱን መውጣትና መውረድ የሚጠብቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። ግፊቱ ዝቅ ማለት ሲጀምር ወሬው ወዲያውኑ ወደ አንጎል ግንድ ይደርሳል፤ ከዚያም ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠራው የነርቭ ክፍል የእግርንና የሆድ ዕቃን ደም ሥሮች ያጠብባል፣ ልብንም ያፈጥናል። በጤነኛ ሰው ላይ የልብ ምቱ ጭማሪ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ያህል ነው። የባት ጡንቻዎችም በተኮማተሩ ቁጥር ደም መልስ ሥሮችን እየጨመቁ ደሙን ወደ ላይ ይገፋሉ። ይህ ሁሉ ሲፈጸም እኛ አናውቀውም። እንግዳው ቦታውን ይዞ እስኪቀመጥ ድረስ ሥራው አልቋል።

እንግዲህ ማዞሩ የአንጎል አቤቱታ ሲሆን የልብ መደለቅ ደግሞ ለአቤቱታው የሚሰጥ መልስ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን የሚደነግጠው በሁለተኛው ነው። ልቡ ስትደልቅ ልቤ ታመመች ይላል፤ በአብዛኛው ልብ የምትሮጠው የጎደለውን ለማሟላት ነው። መጠየቅ ያለበት የጎደለው ምንድን ነው ተብሎ ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋ ጣጣ ይጨመርበታል። በከተሞቻችን የሚያዞረው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «ደም ማነስ አለብኝ» ይላል። ይህን ሲል የሚያስበው ስለ ደሙ ብዛት ነው፤ ጉበት ይበላል፣ ቀይ ሥር ይቀቅላል። የደም ማነስና የደም ግፊት ማነስ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደም ማነስ በደም ውስጥ አየር የሚሸከሙት ቀያይ ሕዋሳት መጉደል ነው፤ የግፊት ማነስ ደግሞ ደሙን የሚገፋው ኃይል መድከም ነው። ደሙ ሙሉ ሆኖ በቆመ ጊዜ ብቻ ግፊቱ የሚወርድ ሰው አለ፤ እርሱ ጉበት በበላ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። በሌላ በኩል የወር አበባ የሚበዛባት ሴት፣ በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ የጨጓራ ቁስል በስውር የሚያደማው፣ የመንጠቆ ትል የያዘው ገበሬ በእርግጥ ደም ያንሳቸዋል፤ ሲነሡም ልባቸው ይሮጣል። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቀው የላቦራቶሪ ምርመራ እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም።

«ግፊት» የሚለው ቃልም እንዲሁ በንግግራችን ውስጥ ትርጉሙ ጠቧል። «ግፊት አለበት» ሲባል ከፍ ያለው ማለታችን ነው። ስለዚህ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አንድ አዛውንት «ሲነሡ ግፊትዎ ይወርዳል» ቢባሉ ነገሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላቸዋል። አጎቴም የሆኑት ይኸው ነው።

አጎቴ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ በለቅሶ ቤት ከማንም ቀድመው የሚገኙ፣ ለገባ ሁሉ ብድግ የሚሉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ቁርስ ሳይቀምሱ ከጧት ጀምሮ በድንኳን ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ፀሐዩ በርትቶ ነበር። እንግዳ በገባ ቁጥር ይነሣሉ፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ተነሥተው «ኖር» የምትለዋን ሳይጨርሱ ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸውም ተሰበረ። በድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ምክንያቱን ለመስጠት አልቸገረውም፤ ገሚሱ «ሟቹ ወዳጃቸው ጠርቷቸው ነው» አለ፤ ገሚሱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፤ የቀረው እርጅና ነው ብሎ ደመደመ። ለእኔ ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው፤ የተማረ ሰው የሚናገረው ስለሆነ ማንም አይከራከረውም።

አጥንታቸውን የጠገነው ሐኪም ግን ኪሳቸውን አስፈተሸ። የደም ግፊትን የሚቀንስ ክኒን፣ ውሃን በሽንት የሚያስወጣ ሌላ ክኒን፣ ለፕሮስቴት ዕጢ የታዘዘ ደም ሥርን የሚያላላ ሦስተኛ መድኃኒት ተገኘ። ሦስቱንም ያዘዟቸው የተለያዩ ሐኪሞች ነበሩ፤ እያንዳንዱም ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ሐኪሙ ድኅነታቸውን ጠብቆ መቆም ሲጀምሩ 5 ደቂቃ አስተኝቶ ለካቸው፤ 150 በ85 ሆነ። አስነሥቶ በሦስተኛው ደቂቃ ሲለካቸው 114 በ68 ወረደ። በሕክምና መለኪያ በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ሲወርድ በመቆም የሚመጣ የግፊት ማነስ ይባላል። ይህን ሕመም ብራድበሪና ኤግልስተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1925 በሦስት ሕመምተኞች ላይ አይተው ጽፈውታል። እንግዲህ መቶ ዓመት የሆነው እውቀት ነው። የሚያስፈልገውም መሣሪያ የደም ግፊት መለኪያና ሰዓት ብቻ ነው፤ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ግፊትን በማዳመጥ መለካትን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ይሁንና በብዙ ሥፍራ ሕመምተኛ የሚለካው እንደተቀመጠ ነው፤ ተቀምጦ የማያመውን ሰው አስቀምጦ መለካት ደግሞ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም።

የግፊቱ መውረድ መንስኤ አንድ ብቻ አይደለም። ተቅማጥና ትውከት፣ ትኩሳት፣ የቆላ ሙቀትና ላብ፣ ውሃ ሳይጠጡ መዋል ሰውነትን ያደርቃሉ። በሁዳዴም ሆነ በረመዳን ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ከሰዓት በኋላ ሲነሣ ቢያዞረው አያስደንቅም፤ ጾሙን ባልነቅፍም መድኃኒት የሚወስድ ጿሚ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መማከሩን እመርጣለሁ። የመጠጥና የሙቅ ውሃ ገላ መታጠብ ደም ሥርን ያላላሉ። ከከባድ ምሳ በኋላ ደም ወደ ሆድ ዕቃ ስለሚሄድ አዛውንቶች ከማዕድ ሲነሡ ይንገዳገዳሉ። ለረጅም ዓመታት የቆየ የስኳር በሽታና የፓርኪንሰን በሽታ ደግሞ ትእዛዝ አድራሽ የሆኑትን ነርቮች ራሳቸውን ያበላሻሉ፤ በዚህ ጊዜ ግፊቱ ይወርዳል፣ ልብ ግን እንደሚገባት አትሮጥም። ለሳምንታት በአልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ ሲነሣ ይወድቃል። ከጠፈር የሚመለሱ ጠፈርተኞችም፣ ለጤናቸው ተመርጠው የተላኩ ብርቱ ሰዎች ሳሉ፣ መሬት ላይ እንደወረዱ ቀጥ ብለው መቆም የሚያቅታቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የመቆም ሥራ ካልተሠራ ይረሳል።

እስካሁን የተነጋገርነው ግፊቱ ስለሚወርድበት ሰው ነው። ግፊቱ ሳይወርድ ልቡ ብቻ የምትሮጥበት ሰው አለ፤ እርሱን ለማመን ደግሞ ኅብረተሰቡ ይበልጥ ይቸገራል።

የሙዚቃ መምህር ሆኜ ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ነበረች። በ2013 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ይዟት ከተነሣች በኋላ የጧቱን የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት መቆም አቃታት። መዝሙሩ ሳያልቅ ትቀመጣለች። ሰንደቅ ሲሰቀል የሚቀመጥ ተማሪ ምን ዓይነት ስም እንደሚሰጠው መምህራን ያውቁታል። መጀመሪያ ሰነፍ ተባለች፤ ቀጥሎ አስመሳይ ተባለች፤ በመጨረሻም በሰልፉ ፊት እንድትንበረከክ ተፈረደባት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለዚያ ሰሞን ስንጨዋወት «ጋሼ፣ እኔ እኮ ስንበረከክ ይሻለኝ ነበር» ብላኛለች። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ተንበርክካ ሳለች እግሯ ታጥፎ ከራስዋ እስከ መሬት ያለው ርቀት ስላጠረ ወደ ታች የሚወርደው ደም ቀንሶላት ነበር። ቅጣቱ ሳያስበው ሕክምና ሆኖ ተገኘ።

ቤተሰቦቿ ወዳገኙት ሁሉ ወሰዷት። ጸበል ተጠመቀች። ደሟ ተመረመረ፣ ደኅና ነው ተባለ። ልቧ በኤሌክትሪክ ተነሣ፣ ደኅና ነው ተባለ። «ነርቭ ነው፤ አትጨነቂ» ተብላ ተመለሰች። በእኛ አነጋገር ነርቭ ማለት ቁጣና ሐሳብ ማብዛት ነው፤ ስለዚህ ልጅቱ የሰማችው «የፈጠርሽው ነው» የሚለውን ነው። በስተኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም አስተኝታ ቆጠረቻት፤ የልቧ ምት በደቂቃ 74 ነበር። አቁማ በየጊዜው ቆጠረቻት፤ በ10ኛው ደቂቃ 122 ደረሰ። የደም ግፊቷ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። በአዋቂ ሰው ላይ በቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ 30፣ ከ12 እስከ 19 ዓመት ባለው ወጣት ላይ ደግሞ 40 ምት ከጨመረ፣ ግፊቱም ካልወረደ፣ ሁኔታውም ከ3 ወር በላይ ከቆየና ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት በመቆም የሚመጣ የልብ ምት መፍጠን የሚባለው ሕመም ነው። የሚያጠቃቸው አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቫይረስ ሕመም፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከወሊድ በኋላ ነው፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከኮሮና በኋላ የታየባቸው ሰዎች በየአገሩ በርክተዋል። እንግዲህ ነርቭ ነው ያሉት ሰዎች ቃሉን አልሳቱትም፤ የሳቱት ትርጉሙን ነው። የታወከው ከፈቃድ ውጭ የሚሠራው ነርቭ እንጂ የልጅቱ ጠባይ አልነበረም።

ይህ ሕመም ስም ሳያገኝ የቆየበት ታሪክ ራሱ የሚያስተምር ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ ሐኪም ከ300 በላይ ወታደሮችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1871 ባወጣው ጽሑፍ ስለሚደልቅ ልባቸው፣ ስለ ማዞራቸውና ስለ ድካማቸው ዘርዝሯል፤ የልባቸው ምት እንደ አካላቸው አኳኋን እንደሚለዋወጥም አስተውሏል። ብዙዎቹ የታመሙት ከትኩሳትና ከተቅማጥ በኋላ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያዊው ቶማስ ሉዊስ ተመሳሳይ ወታደሮችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1918 «የወታደር ልብ» እየተባለ ስለሚጠራው ሁኔታ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ፍርሃትና ወደ ጭንቀት መዝገብ ተዛወረ። ዛሬ የሚጠራበትን ስም ይዞ በሕክምና ጽሑፍ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ወታደር ሲታመም ቢያንስ የሚመረምር ሐኪምና የሚጻፍ መጽሐፍ አገኘ፤ የቤት ልጅ ስትታመም ግን ሥራ ጠልታ ነው ተባለ።

ሐኪሟ ለተማሪዬ ያዘዘችላት በመጀመሪያ ክኒን አልነበረም። በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ እንድትጠጣ፣ ጨው እንድትጨምር፣ እስከ ወገብ የሚደርስ ጥብቅ ካልሲ እንድታደርግ፣ ተቀምጦና ተጋድሞ ከሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ ጀምራ በወራት ውስጥ ወደ ቆሞ መሥራት እንድትሸጋገር ነገረቻት። (ጨዉ ለእርስዋ የታዘዘ ነው፤ ከፍ ያለ ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው በዚህ ምክር ራሱን ሊጎዳ ይችላል።) ከአንድ ዓመት በኋላ ፈጽማ ባትድንም ግማሽ ሰዓት ለመቆም በቃች። በኪነት ቡድናችን ውስጥ ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትዘምር ነበር። ትርኢት ያዩ አንድ እንግዳ ረድፉን አበላሸች ብለው ነበር፤ ድምፁን አበላሸች ያለ ግን የለም።

ስለ መዝሙር ከተነሣ ዘንድ ለረጅም ሰዓት ቆመው የሚያድሩትን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። በክብረ በዓል ማኅሌት ሲቆም ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ በዝማሜው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዙ አይቻለሁ። የመቋሚያውንና የዝማሜውን ምሥጢር ሊቃውንቱ ያውቁታል፤ እኔ በዚያ ላይ የምናገረው የለኝም። የባት ጡንቻን ሥራ ካነበብኩ በኋላ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በእግሮቻቸው ላይ ነው። ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ባዛወሩ ቁጥር ደማቸው ወደ ላይ ይገፋል። ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸር ቀጥ ብሎ፣ ጉልበቱን ቆልፎ፣ ሳይነቃነቅ በፀሐይ የሚሰለፍ ወጣት ወታደር ወይም ተማሪ የመቆምን ከባዱን ዓይነት ነው የሚቆመው። በሰልፍ ላይ የሚወድቁት ደካሞች ብቻ የማይሆኑትም ለዚህ ነው። በጫማው ውስጥ ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ፣ ባቱን እንዲያጠብቅና እንዲያላላ ማንም ቢነግረው በዓሉ አይጎድልም።

አጎቴም ከአልጋቸው ሲነሡ መጀመሪያ ተቀምጠው እግራቸውን አንጠልጥለው ይቆያሉ፤ ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ይቆማሉ። ሦስቱ መድኃኒቶችም በአንድ ሐኪም እጅ ተስተካክለዋል። ይህን የምጽፈው አንባቢ የራሱን ክኒን በራሱ ሥልጣን እንዲያቆም አይደለም፤ ድንገት የተቋረጠ የግፊት መድኃኒት ከማዞር የባሰ ነገር ሊያመጣ ይችላል።

ለጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። በሩጫ ወይም በሥራ መካከል ራሱን የሳተ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰማው የወደቀ፣ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ ሳለ ልቡ በድንገት የምትሮጥበት፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተበት፣ እርጉዝ ሆና የሚደማት፣ እነዚህ ሁሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መድረስ አለባቸው። የእነርሱ ነገር ውሃ በመጠጣት የሚታለፍ አይደለም።

በመጨረሻ በየአዳራሻችንና በየመለማመጃ ቤታችን ስለሚታየው ነገር ጥቂት ልበል። ሰው ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ከበው ያሉት በደግነት ተሻምተው ያነሡታል። አንዱ በብብቱ ይዞ ያቆመዋል፤ ሌላው ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል፤ ሦስተኛው ውሃ ይረጭበታል። ሰውየው የወደቀው ደም ወደ አንጎሉ ስላልደረሰ ነው፤ በመውደቁም አንጎሉና ልቡ በአንድ ደረጃ ላይ ሆነው ደሙ መድረስ ጀምሯል። መልሶ ማቆም ያንኑ ደም መንጠቅ ነው። መተንፈሱን አይቶ በጀርባው ማስተኛት፣ እግሮቹን በወንበር ወይም በተጠቀለለ ጋቢ ላይ ከፍ ማድረግ፣ አንገትጌውንና ቀበቶውን ማላላት፣ ሰዉን ገለል ማድረግ ይበቃል። እርጉዝ ከሆነች በግራ ጎኗ ትተኛ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ ወይም መተንፈሱ ካጠራጠረ አምቡላንስ ይጠራ። ከነቃም በኋላ ጥቂት ተኝቶ ይቆይ፤ ቀጥሎ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣ፤ መቆሙ ይደርሳል።